መንገዱ ሁለት ሆኖብኛልና ከመሪው ያንሱኝ

ቀን፦ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጽድ ጥላ የሠራተኞች ማመላለሻ ድርጅት
ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ ለአቶ እንድርያስ ረዳ
የካ ክፍለ ከተማ፣ አዲስ አበባ

አመልካች፦ አባይነህ ከበበ፣ የጎን ቁጥር 17 ሰርቪስ ሾፌር
አድራሻ፦ አያት ኮንዶሚኒየም

ጉዳዩ፦ ከሰኞ ኅዳር 15 ጠዋት 12 ሰዓት በፊት ከሾፌርነት እንድነሳ፣ እንዲሁም መስከረም 19 ቀን በራሴ ፊርማ ያቀረብኩት አቤቱታ ውድቅ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አቤቱታ ሰው በሌላ ሰው ላይ የሚያቀርበው ነገር ነው። ይህኛው በራሴ ላይ የቀረበ ስለሆነ አጻጻፉ ቢዛነፍ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። የእጅ ጽሑፉ የባለቤቴ የወ/ሮ ናዝሬት ነው። መስመሩ እየተደራረበብኝ ራሴ መጻፍ ስላልቻልኩ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ቦርሳችን በሩ ሥር ተቀምጧል። ቢሮዎ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ክፍት ስለሆነ ወረቀቱን ለመዝገብ ቤት ሰጥተን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል እንሄዳለን።

1ኛ. ሾፌር ከሆንኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፤ ዘጠኙን ያሳለፍኩት በእርስዎ ድርጅት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከአያት ተነስቼ፣ በመገናኛና በሲግናል በኩል እየጫንኩ፣ ሃያ ስድስት ሠራተኞችን እንጦጦ ላይ ወዳለው የችግኝ ጣቢያ አወጣለሁ። 11 ሰዓት ሲሆን ያንኑ ቁልቁለት ይዣቸው እወርዳለሁ። በእነዚህ ዓመታት በስሜ የተመዘገበ ጭረት የለም፤ ፋይሌን ማስወጣት ይቻላል። ይህን የማነሳው እንድመሰገን አይደለም። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሳፈርብኝ ሾፌር መሆኔን እንዲያውቁልኝ ነው፤ አደጋው ያለውም እዚያ ላይ ነው።

2ኛ. ባለፈው ዓመት ጥር ላይ፣ የእንጦጦ ብርድ አጥንት በሚሰብርበት ሰዓት፣ እኔን በሸሚዝ ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ተቀምጬ ልቤ ዳገት እንደወጣ ሰው ልብ ይመታል። እጄ መሪ ላይ ይንቀጠቀጣል። እየበላሁ እከሳለሁ። አንዱ ስኳር ነው አለኝ፣ ሌላው ሰው ነክቶህ ነው አለኝ። ሚያዝያ ላይ ደሜ ሲመረመር የታይሮይድ እጢ፣ ማለትም እንቅርት የሚወጣበት አንገት ላይ ያለው እጢ፣ ከልኩ በላይ እየሠራ መሆኑ ታወቀና ክኒን ተጀመረልኝ። ብዙም ሳይቆይ ዓይኔ ወደ ውጭ መውጣት ሲጀምር ወደ ዓይን ሐኪሟ ወደ ዶ/ር አምለሰት ተላክሁ።

ዶ/ር አምለሰት በሚገባኝ ቋንቋ አስረድተውኛል። የሰውነቴ ዘበኛ ተሳስቶ የቤቱን ባለቤት ሌባ ነህ ብሎ ይደበድባል። እጢውን ብቻ ሳይሆን ከዓይኔ ጀርባ ያለውን ሥጋና ስብም ይመታል፤ የተመታውም ያብጣል። የዓይን ጉድጓድ አጥንት ስለሆነ አይሰፋም፤ ስለዚህ እብጠቱ ዓይንን ወደ ፊት ይገፋዋል። ዓይንን የሚያዞሩት ጡንቻዎች ሲደነድኑ ደግሞ ሁለቱ ዓይኖች አብረው መዞር ያቅታቸዋል፤ ያኔ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ይታያል። ከሁሉም የከፋው እብጠቱ ኋላ ያለውን የማየት ነርቭ የጨመቀ እንደሆነ ነው። ለዚህም ምልክት ሰጥተውኛል፦ ቀለም ከደበዘዘብኝ፣ በተለይ ቀይ ቀይነቱን ካጣብኝ፣ ቀጠሮ ሳልጠብቅ በዚያው ቀን እንድመጣ። ከዘገየሁ የሄደው ብርሃን ላይመለስ ይችላል። "በዚያው ቀን" የሚለውን ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስብለውኛል።

3ኛ. የታዘዝኩት ክኒኑን ሳላቋርጥ እንድውጥ፣ ሲጋራ ፈጽሞ እንድተው፣ ቀን ጠብታ እንዳደርግ፣ ስተኛ ትራሴን ከፍ አድርጌ የማይገጥመውን ዓይኔን ቅባት እንድቀባ፣ ሁለት ማየት ከጀመርኩም መሪ እንዳልይዝ ነበር። ያደረግኩትን ደግሞ ልናገር። ሲጋራውን ለናዝሬት ትቻለሁ ብዬ ከጋራዡ ጀርባ እስከ መስከረም ድረስ አጨስ ነበር። ይህን ስትጽፍ ቀና ብላ አይታኛለች። በፍልሰታ ጾም እንጦጦ ካሉት ጸበሎች ወደ አንዱ ስመላለስ፣ አብሮኝ የሚጠመቅ ሰው ጸበልና ክኒን አብረው አይሄዱም ቢለኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ክኒኑን ተውኩት። አጥማቂው ቄስ ሲሰሙ ተቆጡኝ፤ "ጣለው ያለህ ማነው? ጸበሉን የሰጠ እሱ ሐኪሟንም ሰጥቷል፤ ሂድና ዋጥ" ብለው መለሱኝ። ሁለቱ ሳምንታት ግን የሚሠሩትን ሠርተው ነበር። ቀና ብዬ ሳይ ነገር ሁሉ ሁለት መሆን የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።

4ኛ. ይህ ሕመም ፊትንም ይለውጣል። የዓይኔ ቆብ ወደ ላይ ስለተሰበሰበ ሳልቆጣ የተቆጣሁ እመስላለሁ። ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞ "ምን ያስፈጥጥሃል?" ብሎኛል። ታክሲ ወረፋ ላይ የቆሙ ሕፃናት እናታቸው ጀርባ ይሸሸጋሉ። በዕድሜዬ ሰው ላይ አፍጥጬ የማላውቅ ሰው ነኝ፤ አሁን ተኝቼም አፈጣለሁ። ለሐዘኔታ ብዬ አልጻፍኩትም፤ ወደ ታች ለምናገረው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

5ኛ. ድርጅቱ አልበደለኝም። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ዓይኔን አይቶ ከመሪ አንስቶ ጋራዥ በር ላይ የሚገቡና የሚወጡ መኪናዎችን መዝጋቢ አደረገኝ። የበደልኩት እኔ ነኝ። 17 ቁጥር በሌላ ሰው እጅ ስትወጣ በየጠዋቱ ሰዓቷን መመዝገብ አቃተኝ። መስከረም 19 ቀን "ሙሉ ጤነኛ ስለሆንኩ ወደ ሥራዬ እንድመለስ" የሚል አቤቱታ ጽፌ ከሕክምና ማስረጃ ጋር አቀረብኩ። እርስዎ ዘንድም ቀርቤ ለምኛለሁ፤ ቆመው እንደሰሙኝ አልረሳሁትም።

ማስረጃው ሐሰት የለበትም፤ ሐሰተኛው እኔ ነኝ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ እንደ ደንቡ አንዱን ዓይኔን ሸፍኜ ፊደል አነበብኩ፤ ሌላውን ሸፍኜም አነበብኩ። እያንዳንዱ ዓይኔ ብቻውን ያን ጊዜ ደህና ያይ ስለነበር እስከ ታችኛው መስመር ወረድኩ። የእኔ ችግር የሚጀምረው ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ ነው፤ በፈተናው ውስጥ ደግሞ ሁለቱ አብረው የሚከፈቱበት ቦታ የለም። ይህን አውቄ ነው የሄድኩት። ነርሷ ሌላ ችግር አለ ወይ ብላ ስትጠይቀኝ የለም አልኳት። መሪ እንዳልይዝ የሚለው የዶ/ር አምለሰት ወረቀት በዚያ ሰዓት ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።

6ኛ. መስከረም 26 ቀን ወደ መሪ ተመለስኩ፤ ሳምንት ሳይሞላ ስህተቴን አወቅሁት። ከፈረንሳይ ሰፈር በላይ ዳገቱ ሲጀምር መንገዱ ለሁለት ይከፈልብኛል። አንዱ ወደ ላይ ይቀጥላል፣ ሌላው ባሕር ዛፉን ሰንጥቆ ወደ ገደሉ ይገባል። ሁለቱም አስፋልት ናቸው፣ በሁለቱም ላይ ሰው ይሄዳል። የትኛው እውነተኛው እንደሆነ የማውቀው መንገዱን ለዘጠኝ ዓመት ስለነዳሁት ብቻ ነው። ሰዎቹ ላይ ግን ዘጠኝ ዓመት አይሠራም፤ በየቀኑ አዲስ ቦታ ላይ ናቸው።

ለስምሪት ኃላፊው ለአቶ ልደቱ ሁለት ጊዜ በቃል አመለከትኩ። "ሰውዬ፣ ትናንት ካልነዳሁ ብለህ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኸን፣ ዛሬ አልነዳም ትላለህ? በጽሑፍ የገባ በጽሑፍ ነው የሚወጣ" አሉኝ። አልፈርድባቸውም። ጥቅምት 20 ቀን በጽሑፍ አስገባሁ። ከመዝገብ ቤት የተሰጠኝ መልስ፣ ጉዳዩን የሚያየው የጤና ኮሚቴ በየሩብ ዓመቱ ስለሚሰበሰብ ታኅሣሥ ላይ እንድመለስ የሚል ነው። ዶ/ር አምለሰት እብጠቱን የሚያበርድ መድኃኒት በየረቡዑ በደም ሥሬ እንድወስድ ለአሥራ ሁለት ሳምንት አዘውልኝ ነበር። እሱንም አልጀመርኩትም። ፈቃድ ብጠይቅ ጤነኛ ነኝ ያልኩት ይወጣብኛል ብዬ ፈራሁ።

እስከ ታኅሣሥ ለመድረስ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ። የጥቁር መነጽሬን የግራ መስታወት ከውስጥ በኩል በጥቁር ፕላስተር ሸፈንኩት። በአንድ ዓይን መንገዱ አንድ ነው፤ ርቀት መገመት ግን ያስቸግራል። ከእንጦጦ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ያውቋቸዋል፤ ጫናቸው ከትከሻቸው ግራና ቀኝ ወጥቶ ግማሹን መንገድ ይይዛል፣ እነሱም ጎንበስ ስላሉ የሚያዩት እግራቸውን ብቻ ነው። እኔን አያዩኝም። እኔ አያቸዋለሁ፣ ምን ያህል እንደራቁኝ ግን አላውቅም። ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ የሚቀመጡት ወ/ሮ የማርያምወርቅ፣ የችግኝ ጣቢያው ሠራተኛ፣ ነገሩ ሳይገባቸው አልቀረም። "አባይነህ፣ ቀስ፤ ቀስ በል" ማለት ልማድ አድርገው ነበር።

7ኛ. ትናንት ዓርብ ኅዳር 12 ነበር። ኅዳር ሲታጠን በየሰፈሩ በሽታ ይውጣ ተብሎ ቆሻሻ እንደሚቃጠል የታወቀ ነው። ከሲግናል ጀምሮ ጢሱ መንገዱን ሞልቶት ነበር፤ መስኮቱን ሁሉ ብንዘጋም ገባ። የዓይኔ ቆብ ስለማይገጥም ጢስ እንደሌላው ሰው ጨፈን አድርጌ የማልፈው ነገር አይደለም። እንባዬ በጉንጬ ወርዶ፣ መነጽሩም ተጨናብሶ፣ ዳገቱ ላይ አወለቅኩትና ዓይኔን ጠረግኩ።

መልሼ ሳላደርገው ከጢሱ ውስጥ ሁለት ሴቶች እንጨት ተሸክመው ብቅ አሉ። አንዷ በጠርዙ፣ አንዷ መሀል መንገድ ላይ። መሀል ያለችውን ለማዳን መሪውን ወደ ጠርዙ አጠፍኩት። መሀል መንገድ ላይ ማንም አልነበረም።

ወ/ሮ የማርያምወርቅ ሲጮኹ ፍሬን ያዝኩ። ስፖኪዮው የጫናውን ጫፍ መትቶ ሴትዮዋን አዞራቸውና በጀርባቸው ጫናቸው ላይ ወደቁ። ያዳናቸው ከእንጨቱ ጋር የተሸከሙት ቅጠል ነው። አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ቃሌን የምሰጠው ፖሊስ ጣቢያ ነበር።

ወርጄ ላነሳቸው ጎንበስ ስል ቀና ብለው ዓይኔን አዩት። ከእናቴ ጥቂት ቢያንሱ ነው። የተቆጣሁባቸው መሰላቸው። መሬት ላይ እንዳሉ፣ ገመዱ ደረታቸው ላይ እንደታሰረ፣ "ይቅር በለኝ ልጄ፣ ጢሱ ነው፣ መንገድህን ዘጋሁብህ" አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ ልገድላቸው የነበሩት እናት እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ። ሐኪም ቤት ልውሰድዎ ስላቸው "ኧረ እንጨቱን ብቻ አሸክሙኝ፣ ሰዓት ሄደብኝ" አሉ። አሸከምናቸው። ስማቸውን አልጠየቅኩም፤ በዚህ አፍራለሁ።

8ኛ. ከዚህ የባሰው ቀጥሎ የሆነው ነው። ወደ መኪናው ስመለስ ከኋላ ወንበር አንዱ "እኛ ያየነው ነገር የለም" አለ። ሌላው "አባይነህን እንጀራውን አናሳጣውም" አለ፤ እንዲህ እየተቀባበሉ ተስማሙ። ሃያ አምስት ሰዎች ለእኔ አዝነው ዝም ሊሉ ቃል ገቡ። ሰኞም ሊሳፈሩልኝ ነው። ያን ስሰማ ከፍሬኑ ሰዓት የበለጠ ፈራሁ። ወ/ሮ የማርያምወርቅ ብቻ ችግኝ ጣቢያው ላይ ሲወርዱ በሩን ይዘው "ልጆቼ ሌላ እናት የላቸውም" አሉኝ። ማታ ቁልቁለቱን የወረድነው ጠርቼው የመጣው የጋራዣችን መካኒክ ኢታና መኪናውን ይዞት ነው። የሕዝብ ማመላለሻ መንጃ ፈቃድ አለው፤ ለተሳፋሪዎቹ ፍሬን እየፈተሸ ነው አልኳቸው።

9ኛ. ዛሬ ጠዋት ጎህ ሲቀድ ናዝሬት ዶ/ር አምለሰት እንዳስተማሩን የጀሪካን ቀይ ክዳን ወደ መስኮቱ ይዛ አሳየችኝ። በቀኝ ዓይኔ ቀይ ነው። ቀኙን ሸፍኜ በግራው ሳየው ያረጀ ጡብ መሰለኝ። ክዳኑን የቀየረችብኝ መስሎኝ እጇን ያዝኩት፤ ያው ክዳን ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ግራ ዓይኔን ለሳምንታት በፕላስተር ሸፍኜ ስነዳ፣ ተጠንቀቅ የተባልኩትን ምልክት ራሴው ሸፍኜው ኖሬአለሁ። ዶ/ር አምለሰት በስልክ "አሁኑኑ ይምጡ" ብለዋል። ለተከታታይ ቀናት በደም ሥር መድኃኒት ይሰጠኛል፤ ካልበጀ የዓይኔን ጉድጓድ አጥንት ቆርጠው ለእብጠቱ ቦታ ይሰጡታል። ከዚያ በኋላ ማየት ስለመቻሌ ዋስትና የሰጠኝ የለም። ቀኙም ተራውን እየጠበቀ ይሁን አይሁን አላውቅም።

ስለዚህ ከታች የተመለከቱት እንዲፈጸሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ሀ) የጤና ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ሳይጠበቅ፣ ዛሬ በእርስዎ ትእዛዝ ከሾፌርነት እንድነሳና ሰኞ 12 ሰዓት 17 ቁጥርን ኢታና ወይም ሌላ ጤነኛ ሾፌር ይዞት እንዲወጣ፤

ለ) የመስከረም 19ኙ አቤቱታዬ ውሸት መሆኑ ተመዝግቦ እንዲሰረዝ፣ ሊደርስብኝ የሚገባ ቅጣት ካለም ከሕክምናዬ በኋላ እንዲደርስብኝ። አልከራከርም፤

ሐ) የሕክምናዬ ቀናት በግል ፈቃድ ሳይሆን በሕመም እንዲያዙልኝ፤

መ) ከእንግዲህ የድርጅቱ ሾፌሮች ዓይናቸው ሲፈተሽ ሁለቱንም ዓይን ከፍተው ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን እንዲያዩና ስንት ጣት እንዳዩ እንዲጠየቁ። ወጪ የለውም፤ እኔ ላይ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ አንድ ጣት ይበቃ ነበር፤

ሠ) ትናንት የወደቁት እናት በየጠዋቱ በዚያ መንገድ ስለሚወርዱ፣ ከድርጅቱ አንድ ሰው ፈልጎ ጀርባቸውን እንዲያሳክማቸው። ወ/ሮ የማርያምወርቅ መልካቸውን ያውቃሉ። ሲያገኟቸው ሾፌሩ አልተቆጣም ነበር ይበሏቸው።

የመጨረሻው ልመናዬ ይህ ነው። የመኪናውን ቁልፍ ከዚህ ወረቀት ጋር አስረክቤያለሁ። ትርፍ ቁልፉ ግን አቶ ልደቱ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ራሴን ደግሞ ከመስከረም ወዲህ በደንብ አውቄዋለሁ። መድኃኒቱ ሲጀምርልኝ እብጠቱ ይጎድል ይሆናል፣ ቀዩም ቀይ ሆኖ ይታየኝ ይሆናል፤ ያን ጊዜ እርስዎ ዘንድ መጥቼ እንደ መስከረሙ ቆሜ እለምናለሁ። ደህና እመስላለሁ። ፊደሉን በእያንዳንዱ ዓይኔ እስከ ታች አነብልዎታለሁ። ክቡር ሆይ፣ ዶ/ር አምለሰት ራሳቸው በቃላቸው ካልነገሩዎት በቀር፣ ጤነኛ ነኝ የሚል ማመልከቻ በስሜ ቢመጣልዎ፣ ፊርማው የእኔ ቢሆን እንኳ አይቀበሉት።

ናዝሬት ይህን ላለመጻፍ እስክሪብቶውን አስቀምጣ ነበር። ጻፊው አልኳት።

ከልብ የመነጨ የአክብሮት ሰላምታዬን በማቅረብ፣

አባይነህ ከበበ
(ፊርማ፤ መስመሩ ላይ ካልሆነ ይቅርታ)

አባሪ፦
የዶ/ር አምለሰት ማስረጃ፣ ነሐሴ ወር የተጻፈ፣ እስከ ዛሬ ለማንም ያልታየ፣ 1 ገጽ
ግራው የተሸፈነ ጥቁር መነጽር፣ 1
የ17 ቁጥር ቁልፍ፣ 1

ግልባጭ፦
ለስምሪት ክፍል
ለ17 ቁጥር ተሳፋሪዎች፤ ሰኞ ከ12 ሰዓት በፊት በመኪናው በር ላይ የሚለጠፍ